ያልተነገራት ታማሚ፦ የኤቫ ፔሮን ሕመምና የባሏ ውሳኔ

አርጀንቲና ሲባል የእኛ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ማራዶና ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሜሲ። ከኳስ ወጣ ያለ ሰው ካለ ደግሞ ኤቪታን ይጠራል። ማዶና የተወነችበትን የ1996ቱን ፊልም ያየ ሰው ሰገነት ላይ ቆማ ለሕዝብ የምትዘፍነዋን ብሎንድ ሴትዮ አይረሳትም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለ ዘፈኑም ስለ ልብሷም አይደለም። ኤቫ ፔሮን በ33 ዓመቷ በማሕፀን በር ካንሰር ሞተች። ዋና ዋናዎቹን የሕክምና ውሳኔዎች የወሰኑት ባሏና ሐኪሞቿ ናቸው። እሷ የበሽታውን ስም እንኳ ከአፋቸው አልሰማችም። ቀዶ ሕክምና ያደረገላት ሐኪም ማን እንደሆነ ሳታውቅ ሞታለች።

ይህ ነገር ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሁለት ጥያቄ ያነሳል። አንደኛው የቤት ውስጥ ጥያቄ ነው፤ ከባልና ሚስት አንዱ በማይድን በሽታ ሲያዝ ማን ነው የሚወስነው? ሁለተኛው የሙያችን ጥያቄ ነው፤ አንድ አገር በሙሉ የሚጠብቃት ሰው ስትታመም ሕዝቡ ምን ይነገረው? እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሎስ ቶልዶስ እስከ ቤተ መንግሥት

ኤቫ የተወለደችው ግንቦት 7 ቀን 1919 ነው። ቦታው ከዋና ከተማዋ ከቦነስ አይረስ ራቅ ብላ የምትገኝ ሎስ ቶልዶስ የምትባል የገጠር ከተማ ናት። አባቷ ሁዋን ዱዋርቴ በሌላ ከተማ ሕጋዊ ሚስትና ልጆች ነበሩት። እናቷ ሁዋና አምስት ልጆች ወልዳለታለች፤ ኤቫ የመጨረሻዋ ናት። አባትየው በ1926 በመኪና አደጋ ሞተ። እናትየው በልብስ ስፌት ልጆቿን አሳደገች። በዚያ ዘመን ከሕጋዊ ጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በአደባባይ ጣት ይጠቆምበት ስለነበር፣ ኤቫ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ንቀት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

ገና በ15 ዓመቷ፣ በ1935፣ ተዋናይ ለመሆን ቦነስ አይረስ ገባች። ኑሮው ቀላል አልነበረም። ቀስ እያለች ግን በራዲዮ ድራማ ስሟ ታወቀ። በ1943 እና በ1944 የታሪክን ታላላቅ ሴቶች ሕይወት በራዲዮ ትተውን ነበር። ልብ በሉ፣ ይቺ ሴት ፖለቲካ ውስጥ የገባችው ማይክሮፎን ይዛ ነው። ድምፅ በሕዝብ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ከማንም በፊት ያወቀችው በሥራዋ ነው።

ጥር 15 ቀን 1944 ሳን ሁዋን የተባለችውን ከተማ ርዕደ መሬት አወደማት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ለተጎጂዎች መርጃ በቦነስ አይረስ ሉና ፓርክ አዳራሽ በተዘጋጀ ትርዒት ላይ ኤቫ ከኮሎኔል ሁዋን ዶሚንጎ ፔሮን ጋር ተገናኘች። እሱ የ48 ዓመት ሰው፣ እሷ ገና 24። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። የሞተችበት ሚስቱ አውሬሊያ ቲሶን ትባላለች፤ በ1938 በ36 ዓመቷ አረፈች። የገደላት በሽታ የማሕፀን ካንሰር ነበር። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ጥቅምት 1945 ፔሮን ታሠረ። በ17ኛው ቀን ሠራተኛው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አስፈታው። ከአምስት ቀን በኋላ ሁኒን በምትባል ከተማ ተጋቡ። በየካቲት 1946 ፔሮን በምርጫ አሸንፎ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫዋን ባጭሩ ልለፈው። በ1947 የአርጀንቲና ሴቶች የመምረጥ መብት በሕግ ሲጸድቅ ግንባር ቀደም ቀስቃሽ ነበረች። በ1948 በስሟ የእርዳታ ድርጅት አቋቋመች። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን ቤት አሠራች። ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ ድሃ ስትቀበል እስከ ሌሊት ትቆይ ነበር። ወዳጆቿ እንደ ቅድስት ያዩዋታል። ጠላቶቿ ደግሞ የባሏን ሥልጣን ለማጠናከር በሕዝብ ገንዘብ የምትጫወት፣ ተቃዋሚን የማትምር ሴት ናት ይላሉ። ሁለቱም የሚሉት ማስረጃ አያጣም።

የመጀመሪያው ምልክት

ጥር 9 ቀን 1950 የታክሲ ሾፌሮች ማኅበር አዲስ ቢሮ ሲመረቅ ኤቪታ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከሦስት ቀን በኋላ የትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን ተደረገላት። ኦፕሬሽኑን ያደረገው ኦስካር ኢቫኒሴቪች ሐኪም ብቻ ሳይሆን የትምህርት ሚኒስትርም ነበር። በወቅቱ ሌላ ነገር ጠርጥሮ ተጨማሪ ሕክምና እንዲደረግ ጠይቋል፣ እሷ ግን ጠላቶቼ ከፖለቲካ ሊያስወጡኝ ነው ብላ በቁጣ እምቢ አለች የሚል ነገር በሰፊው ተወርቷል። ታሪክ ጸሐፊዎች ግን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የማያከራክረው ግን ይኼ ነው፦ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ዕረፍት አልወሰደችም። እንደ ድሮዋ ሥራዋን ቀጠለች። እየከሳችና እየገረጣች ሄደች።

የማሕፀን በር ካንሰር ቶሎ ከተደረሰበት ሊድን የሚችል በሽታ ነው። ዝግ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ከማሕፀን በር ላይ ጥቂት ህዋስ ወስዶ በማይክሮስኮፕ በማየት አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላል። ፓፓኒኮላው የተባለው ሐኪም ይህንን ምርመራ የሚያስረዳውን መጽሐፍ ከሥራ ባልደረባው ጋር ያሳተመው በ1943 ነው። ማለትም ዘዴው በኤቪታ ዘመን ነበር፤ ነገር ግን እንደ ዛሬው አልተስፋፋም። ባሎች የሚያፍሩበት፣ ሚስቶች የሚደብቁት የሰውነት ክፍል መሆኑም ነገሩን አላቀለለውም።

ነሐሴ 22 ቀን 1951 እጅግ ብዙ ሕዝብ በቦነስ አይረስ አውራ ጎዳና ተሰብስቦ ኤቪታ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት እንድትወዳደር ለመናት። የሠራዊቱ አለቆች ነገሩን አልወደዱትም። በዘጠነኛው ቀን በራዲዮ ቀርባ ዕጩነቱን እንደማትቀበል ተናገረች። ያኔ ሕመሙ ጠንቶባት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ምርመራ ተደረገና ውጤቱ የማሕፀን በር ካንሰር፣ ያውም ሥር የሰደደ መሆኑን አሳየ። ውጤቱ የተነገረው ለባሏ ነው።

ማን ያውቃል? ማን አያውቅም?

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ፔሮን ለሚስቱ ላለመናገር ወሰነ። ሐኪሞቹም ተስማሙ። መጀመሪያ ራዲየም በተባለው ንጥረ ነገር የጨረር ሕክምና ተሰጣት። ቀጥሎ ኦፕሬሽን ያስፈልጋል ተባለ። የአርጀንቲና ሐኪሞች በኒው ዮርክ የታወቀውን የካንሰር ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ፓክን አስጠሩ። እዚህ ላይ ሁለተኛ ምስጢር መጣ። የፔሮን መንግሥት ከአሜሪካ ጋር የሻከረ ግንኙነት ነበረው። የፕሬዚዳንቱን ሚስት አሜሪካዊ ከፍቶ አከማት ቢባል ለመንግሥቱ አይመችም። ለታማሚዋም ከኒው ዮርክ የካንሰር ሐኪም መጣልሽ ማለት በሽታውን በስሙ መጥራት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ተደረገ። ፓክ መጀመሪያ መጥቶ የመረመራት በማደንዘዣ እንደተኛች ነው። ኅዳር 6 ቀን 1951 አቬያኔዳ በሚገኘው፣ በባሏ ስም በሚጠራው ሆስፒታል ኦፕሬሽኑ ሲደረግም እንደዚያው ሆነ። ኤቪታ አርጀንቲናዊውን ሐኪም ሪካርዶ ፊኖቺየቶን አይታ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ፓክ ገባ፣ ሥራውን ሠራ፣ ሳትነቃ ወጣ። ስትነቃ ያዳነኝ ፊኖቺየቶ ነው ብላ አመነች። ምስጢሩ ለብዙ ዓመታት ሳይወጣ ቆየ።

ከአምስት ቀን በኋላ ኅዳር 11 አገር አቀፍ ምርጫ ነበር። የአርጀንቲና ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት የሚመርጡበት ቀን። የምርጫ ሣጥኑ አልጋዋ ድረስ መጣላትና ተኝታ ድምፅ ሰጠች። ፎቶግራፉ አለ፤ አይታችሁት ከሆነ ፊቷ ላይ ያለውን ድካም መደበቅ አይቻልም። ለሴቶች መብት የታገለችው ሴት፣ አገሯን ማን እንዲመራ የመምረጥ መብቷን ተጠቀመች። በራሷ ሰውነት ላይ ስለሚደረገው ነገር ግን ድምፅ አልነበራትም።

ራዲዮው ምን አለ?

በመስከረም 1951 መጨረሻ ገደማ የወጣው መግለጫ ሕመሟን የደም ማነስ ብሎ ነበር የገለጸው። ካንሰር የሚለው ቃል አልነበረም። ታዲያ ጋዜጠኞቹ የት ነበሩ? የአገሪቱ ትልቁ ነፃ ጋዜጣ ላ ፕሬንሳ በዚያው ዓመት ተዘግቶ፣ በሚያዝያ ተወርሶ፣ በኋላ ለመንግሥት ቅርብ ለሆነው የሠራተኞች ማኅበር ተሰጥቶ ነበር። ራዲዮ ጣቢያዎቹም በመንግሥትና በወዳጆቹ እጅ ነበሩ። ይህን ያደረጉት ደግሞ ፔሮንና ራሷ ኤቪታ ናቸው። የሚጠይቅ ጋዜጣ በጠፋበት አገር፣ የራሷን የጤና መግለጫ የሚጠይቅላት ሰው አልተገኘም። እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም ብዬ አስቤያለሁ። የዘጋችው በር በእሷም ላይ ነው የተዘጋው።

ሕዝቡ እውነቱን ባይነገረውም የሚሰማውን ያውቃል። በየከተማው ጸሎት ይደረግ ነበር፤ ሰው በዝናብ መንገድ ላይ ተንበርክኮ ይለምን ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ካንሰር ለዘላለም ይኑር የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ታየ ተብሎ ይተረካል። መረጃ ሲጠፋ ቦታውን የሚይዘው ወሬ፣ ፍቅርና ጥላቻ ነው።

ይህ የአርጀንቲና ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛም አገር አፄ ምኒልክ ለዓመታት ታመው፣ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ቆይቷል። የመሪ ሕመም የመንግሥት ምስጢር ነው የሚለው አስተሳሰብ ድንበር የለውም።

የመጨረሻዎቹ ወራት

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ተሻላት። ነገር ግን በ1952 መጀመሪያ ሕመሙ ተመለሰ፤ በየካቲት በተደረገው ምርመራ ካንሰሩ እንደገና ታየ። የዚያን ጊዜ ለካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት ገና አዲስ ነበር። ከጦር መሣሪያ ጋዝ ምርምር የተገኘ ናይትሮጅን መስተርድ የሚባል መድኃኒት በደም ሥሯ ተሰጣት። በአርጀንቲና ይህንን ሕክምና ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዷ እንደሆነች ይጻፋል። አልረዳትም።

ሰኔ 4 ቀን 1952 ባሏ ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ክፍት መኪና ውስጥ ከጎኑ ቆማ ለሕዝብ እጇን አወዛወዘች። ብቻዋን መቆም ስለማትችል ከፀጉር ካፖርቷ ሥር የሚደግፍ ነገር ተደርጎላታል፣ የሕመም ማስታገሻውም ከልኩ በላይ ተሰጥቷታል ይባላል። በዚያን ሰሞን ክብደቷ 40 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። መክሳቷን እንዳታውቅ ሚዛኑን ያበላሹት ነበር የሚል ታሪክም ከቤተ መንግሥት ሰዎች ተሰምቷል።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ አንድ የጭንቅላት ቀዶ ሐኪም ባወጣው ጥናት፣ ኤቪታ ከመሞቷ በፊት ሕመሟን ለማስታገስ በሚል የአንጎሏ የፊት ክፍል ላይ ኦፕሬሽን ተደርጎላታል ሲል ጻፈ። እንደ ማስረጃ ያቀረበው የራስ ቅል ራጅና የሰዎች ምስክርነት ነው። ያልተቀበሉት ባለሙያዎች አሉ። እውነት ከሆነ ግን ያኔም ፈቃድ የሰጠው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ጉዳዩ ባያልቅም አንድ ነገር ያሳየናል፤ ምስጢር የበዛበት ሕክምና ከ60 ዓመት በኋላም ጥርጣሬ ይወልዳል።

ሐምሌ 26 ቀን 1952 ማታ አረፈች። ራዲዮው ሰዓቱን 2፡25 ብሎ አወጀ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ማለት ነው። ለዓመታት ራዲዮ በየማታው ያቺን ሰዓት ያስታውስ ነበር። ሬሳዋ በመድኃኒት ተጠብቆ ቆይቶ፣ ፔሮን በ1955 ከሥልጣን ሲወርድ ተሰወረ፣ ጣሊያን አገር በሌላ ሰው ስም ተቀበረ፣ በ1971 ለፔሮን ተመለሰለት፣ በ1976 ቦነስ አይረስ ባለው የሬኮሌታ መቃብር አረፈ። ከሞተች በኋላም ስለ አካሏ ሌሎች ሲወስኑላት 24 ዓመት አለፈ ማለት ነው። የሞተችበት ቤት ፈርሶ ዛሬ በቦታው የአርጀንቲና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቆሟል።

ታውቅ ነበር ወይ?

ብዙዎች ታውቅ ነበር ይላሉ። እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። በመጨረሻዎቹ ወራት ለሕዝቧ የመጨረሻ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ በቃል አስጽፋለች፤ ኑዛዜዋንም ተናግራለች። ጥፍሯን የምትሠራላት ሴት ስትሞት ቀዩን ቀለም አንስታ ቀለም የሌለውን እንድትቀባላት አዛለች ተብሎ ይነገራል። ሞት እንደመጣ የማያውቅ ሰው እንዲህ አያዝም። እንግዲህ እሷ እንደማታውቅ ሆነች፣ እሱ እንዳልነገራት ሆነ። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ለማዳን ዝም አሉ።

በእኛ ሰፈር ያየሁትን ላንሳ። የምናከብራቸው እትዬ ነበሩ። ሐኪሙ ጋሼን፣ ማለት ባላቸውን፣ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገራቸው፤ ለእትዬ ግን ጨጓራ ነው ተባለ። ጋሼ ልጆቹን ሰብስበው አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል አስማሉ። እትዬ በየዓመቱ ትውልድ አገሬን አይቼ ልምጣ ይሉ ነበር፤ ዘንድሮ ሲሻልሽ ይደረሳል እየተባሉ ሳያዩት አረፉ። ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም። ልቧ ይሰበራል ብለው ነው። ከለቅሶው በኋላ ግን የሚቆጫቸው ያ መንገድ ነበር፤ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ መንገዱ ነበር የሚያወሩት።

ፔሮንን እንዴት እንፍረደው?

ለፔሮን መከራከሪያ አለ። የመጀመሪያ ሚስቱን በዚሁ በሽታ ቀብሯል። መጨረሻው ምን እንደሚመስል ዓይቷል። ዛሬ የማሕፀን በር ካንሰር የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ እንደሆነ ይታወቃል፤ ሃራልድ ሱር ሃውሰን ለዚህ ግኝት በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ስለዚህ ሁለቱን ሴቶች ያስያዛቸው ፔሮን ይሆን ብለው የጠየቁ ጸሐፊዎች አሉ። ማረጋገጫ የለም፤ እሱም ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ይህን በእሱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

የዘመኑም ልማድ ነበር። በ1961 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በቺካጎ ካሉ ሐኪሞች ከመቶ 90 ያህሉ የካንሰርን ውጤት ለታማሚው አለመንገርን እንደሚመርጡ አሳይቷል። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠየቅ ከመቶ 97 ያህሉ መንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። 18 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። ይህ የሆነው ሰው በድንገት ደፋር ሆኖ አይደለም። ሕክምናው ተሻሽሎ ምርጫ ሲበዛ የታማሚው ፈቃድ የግድ ሆነ፤ ታማሚዎችም መብታቸውን ጠየቁ።

ቢሆንም ልማድ ነበር ብሎ ማለፍ አይበቃኝም። ፔሮን ኃላፊነቱን ብቻውን ተሸከመ ልንል እንችላለን፤ ግን የተሸከመው የእሷን ነው። ኤቪታ ሐቁን ብታውቅ ምን ትመርጥ ነበር? ኦፕሬሽኑን እሺ ትል ነበር? በዚያ በመጨረሻው ሰኔ መኪና ላይ ከመቆም ይልቅ አልጋዋ ላይ ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር መሆን ትመርጥ ነበር? ወይስ የበለጠ ትሠራ ነበር? መልሱን ማንም አያውቅም፤ የጠየቃት ሰው ስለሌለ። ለእኔ ከበሽታው ቀጥሎ የሚያሳዝነው ይኼ ነው።

ከዚህ ምን እንውሰድ?

የማሕፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የኤችፒቪ ክትባት መስጠት ጀምራለች። ቅድመ ምርመራም አለ። ኤቪታ ያላገኘችው ነገር ዛሬ ለእኛ እህቶች ቅርብ ነው። ይህንን በቀላል አማርኛ፣ ሳያፍሩ መጻፍና በራዲዮ ማውራት የእኛ ሥራ ነው። በሽታውን በስሙ ለመጥራት ጋዜጠኛው ካፈረ፣ ታማሚዋ እንዴት ደፍራ ትመርመር?

ስለ ታዋቂ ሰው ሕመም መዘገብን በተመለከተ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። የግል ሕይወት ይከበር የሚሉ አሉ፤ ሕዝብ የማወቅ መብት አለው የሚሉም አሉ። የኤቪታ ታሪክ የሚጨምረው ሦስተኛ ሰው ነው፤ እሱም ታማሚው ራሱ። ዜናውን ከማውጣታችን በፊት ባለቤቱ ያውቃል ወይ? ከአንደበቱ ሰምተናል ወይስ ከቤተሰብ፣ ከሐኪም፣ ከመንግሥት ቃል አቀባይ ብቻ? ካንሰር የያዘውን ሰው ስለ ካንሰሩ በራዲዮ እንዲሰማ ማድረግ ወንጀል ነው ባልልም ጭካኔ ነው። የውሸት መግለጫ ተቀብሎ ማንበብም የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም። በሁለቱ መሐል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት፤ መጀመሪያ ታማሚውን ጠይቆ፣ የፈቀደውን ያህል መጻፍ፣ ያልፈቀደውን ደግሞ በውሸት አለመሸፈን ነው።

በባልና ሚስት መሐል ያለውን ግን ሕግና ሙያ ብቻቸውን አይፈቱትም። መንገር ማለት አንድ ቀን ተቀምጦ ሁሉንም ማፍሰስ አይደለም። ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ፣ ማን አብሮሽ ይሁን፣ የቱን ሕክምና ትመርጫለሽ፣ የት መሆን ትፈልጊያለሽ ብሎ መጠየቅ ነው። ማወቅ አልፈልግም፣ አንተ ወስንልኝ ያለች ሚስት ካለች ያም የራሷ ውሳኔ ነው። ሁዋን ፔሮን ሚስቱን ይወዳት ነበር አይወዳትም የሚለውን ክርክር ለታሪክ ሰዎች እተዋለሁ። ሊጠይቃት ይችል ነበር፤ አልጠየቃትም። አስተያየት ያላችሁ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎችና መምህራን በሚቀጥለው ዕትም ብትጽፉበት ደስ ይለኛል፤ በተለይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ።